"ፍሬን!" የምትለዋ ቃል

ቦንጋ ላይ ብስክሌት የሚለማመድ ልጅ ሜዳ ፍለጋ ይደክማል፤ ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የዘጠኝ ዓመቱን የእህቴን ልጅ ሳለማምደው ቁልቁለቱ ላይ ብስክሌቱ ይዞት ነጎደ። "ኧረ ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ!" እያልኩ ጮህኩ። ጉልበቱ ተልጦ ተነሣና፣ "አክስቴ፣ 'ፍሬን!' ብትዪኝ እኮ እይዝ ነበር" አለኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ አጭር ቃል ከረጅም ምክር ቀድሞ እንደሚደርስ ማወቅ ነበረብኝ።

ብስክሌት፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ ከውጭ ቋንቋ መጥተው አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። ከመንገድ አልፈውም ወሬያችን ውስጥ ገብተዋል። አፉን የማይገታ ሰው "ፍሬን የለውም" እንላለን። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠርም፣ መጨረሻው ላይ ድንገት ስለሚፈተለክ "ማርሽ ቀያሪው" ተብሏል።

ለልጅዎ ብስክሌት ሲገዙ ከሄልሜቱ ጋር ቃላቱንም ይስጡት። ቁልቁለት ላይ "ፍሬን!"፣ ዳገት ላይ "ማርሽ ቀንስ!" በቂ ነው። እኛ ቤት እራት ላይ ክርክር ሲከር ትንሹ "ፍሬን!" ይለናል። እኛም እንይዛለን።