ኪኒኑ ወይስ ጡቱ?

አንባቢ ሆይ፥ ሕፃን ከተወለደ ገና ሦስት ሳምንት በሆነበት ቤት እናቲቱ ታመመች እንበል። አንድ ጡቷ ቀልቶ አበጠ፤ ትኩሳትም ያንቀጠቅጣት ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ ኪኒን አዘዘላት። ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሸንጎ ይጠብቃታል። አክስቷ «መድኃኒት እየዋጥሽ አታጥቢው፤ ልጁን ትጎጂዋለሽ» ይሏታል። ጎረቤቷ ደግሞ «ኪኒኑን ተዪውና ልጅሽን አጥቢ» ትላለች። ባሏም ግራ ቢገባው ከወር ደመወዙ ቀንሶ የቆርቆሮ ወተት ሊገዛ ይወጣል።

ሁሉም ይህን የሚያደርጉት ለሕፃኑ አዝነው ነው። ዳሩ ግን ለእንዲህ ያለው ሕመም በተለምዶ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ከማጥባት ጋር የሚስማሙ ናቸው፤ ማጥባቱም እንዲቀጥል ይመከራል። ያለ በቂ ምክንያት ጡት ማስጣል፥ አበው እንደሚሉት፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

መድኃኒቱ ወተት ውስጥ እንዴት ይገባል?

እናት የዋጠችው ኪኒን ከሆዷ ወደ ደሟ ይገባል፤ ከደሟም ጥቂቱ ወደ ወተቷ ይሻገራል። «ጥቂቱ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ሄፓሪን የተባለው የደም መርጋትን የሚከላከለው መርፌ ቅንጣቱ ትልቅ ስለ ሆነ ወደ ወተት አይሻገርም ለማለት ይቻላል። ኢንሱሊንም ቢሻገር እንኳ በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይጠፋል። ሊቃውንቱ አንድን መድኃኒት ሲመዝኑ፥ ሕፃኑ በወተት በኩል በኪሎ የሚደርሰውን መጠን እናቲቱ በኪሎ ከምትወስደው ጋር ያስተያያሉ። ከመቶ 10 እጅ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም ይላሉ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶችም ከዚህ በታች ናቸው።

ስለዚህ ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፥ ወይም ሐኪም ያዘዘላትን አሞክሲሲሊን በልኩ የምትወስድ እናት ማጥባቷን አትተውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረች እናትም በሐኪም ክትትል ሁለቱንም ትቀጥላለች። እንዲያውም ለሕፃኑ የሚያስፈራው መድኃኒቱ ሳይሆን ያልታከመው ሳል ነው።

ጡት ማስጣሉ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ፥ ከዚያም ከሌላ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። የቆርቆሮ ወተት ንጹሕ ውሃና የተቀቀለ ጡጦ ይፈልጋል፤ ይህ በጎደለበት ቤት ተቅማጥ ይከተላል። ያልተጠባ ጡትም ወተቱ እየነጠፈ ይሄዳል።

ለእኛ ሰው የተለየ ጥንቃቄ

ነገር ግን መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንውሰድ። ኮዴይን በጉበት ውስጥ ተለውጦ ከፊሉ ሞርፊን ይሆናል። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኤንዛይም በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ እጅግ ፈጣን ነው፤ ምክንያቱም ኤንዛይሙን የሚያሠራው ጂን ከወላጆቻቸው ሲወርድ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ ተደጋግሞ ስለሚገኝ ነው። እንዲህ ያለች እናት ልከኛውን መጠን ብትወስድም ሞርፊኑ በደሟና በወተቷ ሊበዛ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕፃኑ በእንቅልፍ ይደነዝዛል፥ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፥ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶው 29ኙ ይህ የተደጋገመ ጂን ተገኝቶባቸዋል። በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የምታጠባ እናት ኮዴይንንም ሆነ ትራማዶልን እንዳትወስድ አስጠንቅቋል። ትራማዶል በእኛም አገር የታወቀ ማስታገሻ ነውና፥ ለምታጠባ እናት ከጎረቤት ተውሶ መስጠት አይገባም። በባሕር ማዶ የምትወልድ እኅትም ይህን ጉዳይ ለሐኪሟ ብታነሣ መልካም ነው።

ከዚህ ሌላ ጡት ማስጣልን ግድ የሚሉ ሕክምናዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶችና ለእንቅርት የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ከእነዚህ ናቸው። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ደግሞ ወተት ሊቀንስ ስለሚችል፥ ሐኪሙ ኤስትሮጅን የሌለበትን ይመርጣል። ከጫት የሚመጣ አነቃቂ ንጥረ ነገርም በሚቅሙ እናቶች ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ከሥርና ከቅጠል የተቀመመውንም ቢሆን «የአገር ነውና አይጎዳም» ማለት አይቻልም፤ መጠኑ አልተለካምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፥ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት «አጠባለሁ» ብሎ መናገር፥ የልጁንም ዕድሜ መግለጽ ነው። ጉበቱና ኩላሊቱ ገና ያልጠነከረ አራስ ልጅ፥ ይልቁንም ያለ ጊዜው የተወለደ፥ ከዓመት ልጅ ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። ሁለተኛ፥ ቶሎ ከደም የሚጠፋ መድኃኒት ከሆነ ልጁን አጥብቶ ወዲያው መዋጥ ይረዳል። ሦስተኛ፥ ሕፃኑ ከወትሮው የተለየ ቢያንቀላፋ፥ መጥባት ቢያቅተው ወይም ትንፋሹ ቢያስቸግረው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያሻል። አራተኛ፥ ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ማጥባት ይቋረጥ ቢል፥ መቼ እንደሚጀመር መጠየቅና ወተቱ እንዳይነጥፍ እያለቡ ማፍሰስ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ ምናልባት ገና ተማሪ ነዎት፤ ወይም ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ጊዜዎ ነው። ነገር ግን በየቤቱ የሐኪም ማዘዣ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚላከው ብዙ ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ሲያቀብሉ «መድኃኒቱ ለምታጠባ እናት ነው፤ ልጇም ይህን ያህል ጊዜው ነው» ብለው ይንገሩ። መልሱንም ሳይሰሙ ከመስኮቱ አይራቁ።