ስለ መኪና መሪ ፓምፕ ምርመራና ለውጥ

የዘር እህልና የአፈር ማዳበሪያ ዝናም ሳይገባ ከገበሬው ደጅ መድረስ ይገባዋል፤ ይህንንም የሚያደርሰው ዛሬ በአብዛኛው መኪና ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዘር ጭኖ የሚሄድ መኪና መሪው በድንገት ቢከብድ፥ የሰው ነፍስና ንብረት ለአደጋ ይጋለጣሉ፤ የዘር ወራትም ያልፋል። በሌላ ወገን ደግሞ መሪው ጮኸ በተባለ ጊዜ ሳያስመረምር አዲስ ፓምፕ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከስሮ ሕመሙን በነበረበት ያገኘዋል። ስለዚህ ሹሙም ባለ እርሻውም፥ ምንም እንኳ በእጃቸው ባይሠሩት፥ የግዥውን ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

የመሪ ፓምፕ ማለት ከሞተሩ በችንጋ ኃይል ተቀብሎ፥ ዘይትን ከማጠራቀሚያው እየሳበ፥ በብርቱ ግፊት ወደ መሪው ማርሽ የሚልክ መሣሪያ ነው። ግፊቱም በብዙ መኪኖች ከ70 ባር በላይ ይደርሳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ ይህን በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ በመኪና ላይ ሠርቶ ያሳየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የገባው ግን በ1951 ዓ.ም. የክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ ባደረገው ጊዜ ነው። ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ የዘይት ፓምፕ የላቸውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የመኪናው ዓይነት ይታወቅ።

በቤትና በመስክ መኪኖች ፓምፑ ቢሞት መሪው ከጎማው አይለያይም፤ ነገር ግን እርዳታው ስለሚቀር እጅግ ይከብዳል። ሞተሩ ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፋ ሾፌር የመሪውን እርዳታ ወዲያው፥ የፍሬኑንም ጥቂት ቆይቶ ያጣልና፥ ይህ ልማድ ፈጽሞ ሊከለከል ይገባል።

የፓምፕ ሕመም ምልክቶች ብዙ ናቸው። መሪው ሲዞር የማቃሰት ድምፅ ይሰማል፤ ይልቁንም በብርድ ጧት ይበረታል። መኪናው ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ መሪው ይከብዳል። ዘይቱም ይጠቁራል፥ የመቃጠልም ሽታ ያወጣል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱ ታየ ተብሎ በፓምፑ ላይ አይፈረድም፤ ምርመራው እንደሚከተለው በተራ ይደረግ።

አንደኛ፥ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ የዘይቱ ልክ ይታይ። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ከጎደለ የፈሰሰበት ቦታ አለና እየጨመሩ መሄድ መፍትሔ አይሆንም። የሚፈስበትን ስፍራ በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ግን አደገኛ ነው፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባልና በካርቶን ቁራጭ ይፈለግ።

ሁለተኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ችንጋው ይመርመር። ቀጭን የሲጥታ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከላላ ወይም ካረጀ ችንጋ የሚመጣ ነው፤ ወፍራም ማቃሰት ግን ከፓምፑ ወይም ወደ ዘይቱ ከገባ አየር ነው። ዘይቱ አረፋ ከያዘ የመሳቢያው ቱቦ ማጥበቂያ ላልቶ እንደሆነ ይታይ።

ሦስተኛ፥ የጎማው ንፋስ ይለካ፤ የጎደለ ንፋስም መሪን ያከብዳል። ከዚያም የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው፥ መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አርፎ፥ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ይዙር። በዚህ ጊዜ ከተያዘ ጥፋቱ በመሪው መገጣጠሚያዎች ወይም በማርሹ ነው እንጂ በፓምፑ አይደለም።

አራተኛ፥ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የግፊት መለኪያ ነው። መካኒኩ መለኪያውን ከፓምፑ መውጫ ላይ አግብቶ፥ ቫልቩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ዘግቶ ያነባል፤ ከዚያ በላይ ቢዘጋ ደኅናውን ፓምፕ ያበላሻል። ግፊቱ የመኪናው መጽሐፍ ከሚያዘው ካነሰ ፓምፑ ደክሟል፤ ልኩን ከያዘ ግን ጥፋቱ ወደ ማርሹ ይፈለጋል።

ፓምፑ እንዲለወጥ ከተፈረደበት፥ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘይቱ ይውጣ፤ ችንጋው ይላላ፤ ቱቦዎቹ ተፈትተው አፋቸው ከአቧራ ይከደን፤ ከዚያም ቡሎኖቹ ይፈቱ። ፑሌጃው በመንቀያ መሣሪያ ይውጣ እንጂ በመዶሻ አይመታ። በአሮጌው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ከታየ ቱቦዎቹና ማጠራቀሚያው በሚገባ ይጠቡ፤ ይህ ካልተደረገ ያው ብናኝ አዲሱን ፓምፕ ደግሞ ይበላዋል። ዘይቱ የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘው ብቻ ይሁን፤ የፍሬን ዘይት ቢጨመርበት የጎማ መዝጊያዎቹን ያበላሻል። ከተሞላ በኋላ የፊት ጎማዎች እንደ ተነሡ፥ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ይዙር፤ የጎደለውም እየተጨመረ አረፋው እስኪጠፋ ይደገም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ እንዲሁ ይደረግ፤ መሪው ግን ከዳር ተይዞ አይቆይ።

የሹሙ ተግባር ሦስት ነገር ነው። የግፊቱን ልክ የያዘ የምርመራ ጽሑፍ ሳያይ ግዥ አይፍቀድ፤ አሮጌው ፓምፕ ተመልሶ ወደ ዕቃ ቤት እንዲገባ ያድርግ፤ ሾፌሩም ከጉዞ በፊት ዘይቱንና ችንጋውን እንዲያይ፥ ያየውንም ሳይሸሽግ እንዲያስታውቅ ይዘዝ። መሪው ከበደኝ ብሎ የሚያመለክተውን ሾፌር የሚቆጣ አለቃ ሌላውን ሾፌር ዝም ያሰኛል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።