ሳይመረመር የቀረው ባል

ትዳር ውስጥ ልጅ ሲዘገይ ፍለጋው የሚጀመረው ከሚስት ነው። ጸበል የምትጠመቀው፣ ለቁልቢ ገብርኤል የምትሳለው፣ ማህፀን ሐኪም ዘንድ ወረፋ የምትይዘው እሷ ነች። የዘመድ አዝማድ አሽሙርም የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። ሐኪሞች የሚያውቁት ግን ሌላ ነው፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ችግሩ ከወንዱ ብቻ ወይም ከሁለቱም በኩል ይገኛል። ከምክንያቶቹ አንዱ ደግሞ ወንዱ በጉርምስናው ይዞት የረሳው የአባላዘር በሽታ፣ በተለይም ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ፣ ነው።

የጨብጥን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር የለየው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። ጨብጥ ወንዱን ሽንት ሲሸና ያቃጥለዋል፤ መግል መሳይ ፈሳሽም ስለሚያስወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይታወቃል። ክላሚዲያ ግን ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር ነው፤ ከሚይዛቸው ወንዶች ብዙዎቹ ምንም ምልክት አያዩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ፣ 82 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ ኢንፌክሽኖች እንደተከሰቱ ይገምታል።

የወንድ ዘር በፍሬው ውስጥ እንደተሠራ ወዲያው ለማስፀነስ አይበቃም። ከፍሬው ጀርባ ተጠቅልሎ በተቀመጠው፣ ቢዘረጋ ስድስት ሜትር ገደማ በሚሆነው ኤፒዲዲሚስ በሚባል ቀጭን ቱቦ ውስጥ እያለፈ ይበስላል፤ የመንቀሳቀስ አቅም የሚያገኘውም እዚያ ነው። ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከሽንት ቧንቧ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ አካባቢው ያብጣል፣ ያማል። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ጠባሳው ቱቦውን በሁለቱም በኩል ከደፈነው የሚወጣው ፈሳሽ ዘር አልባ ይሆናል። የፈሳሹ መጠንና መልክ ስለማይለወጥ፣ ሰውየው በአልጋ ላይም ስለማይቸገር ራሱን አይጠረጥርም። ክላሚዲያ ቱቦውን ሳይዘጋ የዘሩን ጥራት ያወርዳል ወይ በሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎች እስካሁን አልተስማሙም።

የወንዱ በሽታ በራሱ አካል ላይ ብቻም አይቆምም፤ ወደ ሚስቱ ተላልፎ የእሷን የማህፀን ቱቦ ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ25 አገሮች ልጅ ያጡ ጥንዶችን አስመርምሮ ነበር። በኢንፌክሽን የተጎዳ የማህፀን ቱቦ በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ ከሌላው ዓለም እጅግ በልጦ ተገኘ። «ችግሩ ከእሷ ነው» በተባለበት ትዳር ውስጥም ባክቴሪያውን ይዞ የገባው ባል ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክቱ ነው፤ ፈሳሽ የታየበት ወንድ ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ ለጨብጥም ለክላሚዲያም መድኃኒት ይሰጠዋል። ታማሚው ባዶ እጁን አለመመለሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምልክት የሌለው ግን ከነጭራሹ አይመጣም። ብዙዎችም በኀፍረት ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝተው ማቃጠሉ ሲተዋቸው ያቋርጣሉ፤ ለሚስት አይነገርም፤ እሷ ካልታከመች ተመልሶ ይይዘዋል። ጨብጥ በበኩሉ መድኃኒቱን እየለመደ ነው። ፔኒሲሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን ካሸነፈ ቆይቷል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን አንድ ላይ ያልበገሩት ጨብጥ በእንግሊዝ ተመዝግቧል።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ጠባሳውን አያነሣም። ቱቦው የተደፈነበት ሰው ዘሩ ከፍሬው በመርፌ ተወስዶ ከሴቷ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ሊገናኝ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ማዕከል እንዲህ ያለውን የመካንነት ሕክምና ወደ መንግሥት ሆስፒታል አምጥቶታል። ሆኖም ሕክምናው ውድ ነው፤ በየከተማውም አይገኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ አያምም፤ በሴቷ ማህፀን ውስጥ ቀለም ተረጭቶ ከሚነሣው ራጅም ይቀላል። ባልና ሚስት በመጀመሪያው ቀን አብረው ይግቡ፤ ባልም ለሐኪሙ «ድሮ ጨብጥ ይዞኝ ያውቃል» ለማለት አይፈር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሚስቱን ከዓመታት መንከራተትና ከማይገባት ወቀሳ ታድናታለች።