«ለምደነዋል» የምንለው ጩኸት

በኒውዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በቁጥር 98 የሚጠራ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። አጠገቡ በብረት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባቡሩ በየአራትና አምስት ደቂቃው ሲመላለስ፣ በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች ውስጥ ድምፁ እስከ 89 ዴሲቤል ይደርስ ነበር። መምህሩ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ጠመኔውን ይዞ ባቡሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

የሥነ ልቦና ምሁሯ አርሊን ብሮንዛፍት ነገሩን የሰሙት ልጇ እዚያ ከሚማር አንዲት የኮሌጅ ተማሪያቸው ነው። ወላጆች ሊከሱ ተነሥተው ነበር። ብሮንዛፍት ግን ክስ ያለ ማስረጃ እንደማይቆም ያውቁ ስለነበር፣ በሐዲዱ በኩልና በጸጥተኛው በኩል የሚማሩትን ልጆች የንባብ ውጤት አነጻጸሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ። በጫጫታው በኩል የሚማሩት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በንባብ አንድ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ሕንጻው አንድ፣ ትምህርቱ አንድ፤ የተለየው መስኮታቸው የሚያይበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

ልጆቹን ብትጠይቋቸው «ለምደነዋል» ይሉ ይሆናል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ጩኸት የለመደ ልጅ ድምፅን ሁሉ መስማት ሊተው ይችላል፤ ባቡሩን ሲተው የመምህሩንም ቃል አብሮ ይተወዋል።

ሰውነት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይለምድም። ዓይን ቆብ አለው፤ ጆሮ ክዳን የለውም። ተኝተን እንኳ አንጎል ድምፅ መከታተሉን ስለማያቆም፣ ውጭ ክላክስ ሲጮኽ ሳንነቃ የልብ ምታችን ይፈጥናል፣ የደም ግፊታችን ከፍ ይላል። ይህ ለዓመታት በየሌሊቱ ሲደጋገም ወደ ልብ ሕመም ሊያመራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት፣ የምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ በትራፊክ ጫጫታ ምክንያት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን የጤና ዓመታት ያጣል።

የዴሲቤል ስሌት ተራ ድምር አለመሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 85 ዴሲቤል በሆነበት ወርክሾፕ ስምንት ሰዓት መሥራት የሚችል ሰው፣ 88 ከሆነ ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ 91 ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዓት። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ለድምፅም ወሰን እንዲበጅለት አዝዟል። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ረጋ ብለው ሲያወሩ 60 ይደርሳልና፣ 45ን የጻፈው ባለሙያ ጭፈራ ቤት ጎን አላደረም ያሰኛል። ሰፈሩ ሌሊቱን ከሞንታርቦ ጋር ያነጋል፤ ሲነጋ ደግሞ የታክሲ ረዳቱ፣ ሜጋፎን የያዘው ነጋዴ፣ ወፍጮ ቤቱና ጄኔሬተሩ ይረከቡታል። የእምነት ተቋማት ድምፅ ማጉያ ሲነሣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ማጉያው ግን ዝቅ አይልም።

ጸጥታ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል ካለ አክራን ይመልከት። የጋና ዋና ከተማ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የጋ ሕዝቦች ሆሞዎ ከሚባለው የመከር በዓላቸው በፊት ለአንድ ወር ያህል ከበሮና ጫጫታ የሚከለክል የቆየ ልማድ አላቸው።

የትምህርት ቤት ቁጥር 98 መፍትሔ ከዚያም ይቀላል። ልጆቹን ማንም ጆሯችሁን ድፈኑ አላላቸውም። የባቡሩ ድርጅት ከሐዲዱ ሥር ጎማ አነጠፈ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ድምፅ የሚመጥ ኮርኒስ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1981 ጥናቱ ሲደገም በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የንባብ ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ።

እዚህም ጩኸቱን ከምንጩ መያዝ ይቻላል። የተቀደደ ማርሚታ ማስበየድ፣ ከጄኔሬተርና ከወፍጮ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ ወደ ሰፈሩ የዞረን አንድ ትልቅ ማጉያ አውርዶ ትንንሾቹን ወደ ግቢው ውስጥ ማዞር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የበርና የመስኮት ክፍተት ይደፈን፤ አየር በገባበት ሁሉ ድምፅ ይገባል። በአጥር ዳር የተተከለ አንድ ረድፍ ዛፍ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ድምፅ በማስቀረት ረገድ ከግንብ አጥር አይወዳደርም።

አቤቱታ ያለው አንባቢም እንደ ብሮንዛፍት ቁጥር ይዞ ይሂድ። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ሕጋዊ ማስረጃ ባይሆንም ግምት ይሰጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መስኮትዎ ላይ ቆመው ይለኩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ለአንድ ሳምንት ይድገሙትና ከጎረቤት ጋር ሆነው ወደ ወረዳው ይውሰዱት።