እንቆቅልሽ የሚያሳድገው የጠየቀውን ነው

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። የእንቆቅልሽ ጌም የሚጫወት ልጅ አእምሮው በጠቅላላው ይፈጥናል፣ በሒሳብም በእንግሊዝኛም እኩዮቹን ይቀድማል ይላል። ለማስረጃ የወንጪን ልጆች ይጠራል። ግርጌው ላይ ደግሞ የአንድ ትምህርታዊ የጌም ድረ ገጽ የአባልነት ክፍያ በቴሌብር እንዴት እንደሚፈጸም ተብራርቷል። ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህንኑ አስተላልፎልኝ፣ «ጋሼ፣ ለልጆቹ ልክፈልላቸው ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። ሙያዬ ሰው እንዴት እንደሚማርና እንደሚያስታውስ ማጥናት ነውና እንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀርልኝም፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳነብ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። የእንቆቅልሽ ድረ ገጽ በእርግጥ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ ጽሑፉ የሚሸጠው ግን ሌላ፣ የሌለ ነገር ነው።

መጀመሪያ የወንጪን ወሬ እናጥራው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለ ድርጅት በ2012፣ በወንጪና በወለንጪቲ በኩል በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ካርቶኑ እንደታሸገ ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። ልጆቹ ካርቶኑን ከፈቱ፣ ታብሌቱን አበሩ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ። ከዚያ ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ አንድሮይድን «ሃክ» አደረጉት የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። የሆነው ይህ ነው፦ የድርጅቱ ሰዎች ካሜራውን ዘግተውት፣ የመጀመሪያው ገጽ መልክም እንዳይቀየር ቆልፈውት ነበር፤ ልጆቹ ሁለቱንም መቆለፊያ አልፈው ካሜራውን አሠሩት፣ ገጹንም እንደየምርጫቸው አደረጉት። ጎበዞች ናቸው። ታሪኩ ስለ ሕፃናት ጉጉት ብዙ ይናገራል። ጌም አእምሮን ያፈጥናል ለማለት ግን ታብሌት ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው ጋር ማመዛዘን ያስፈልግ ነበር፤ በሚዞረው ወሬ ውስጥ ያ የለም።

የአእምሮ ጌም በጅምላ ብልህ ያደርጋል ብሎ በመሸጥ የሚታወቀው ኩባንያ ሉሞሲቲ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኩባንያው በትምህርት፣ በሥራና በእርጅና ላይ ለውጥ ያመጣል ያለውን በሳይንስ ማስደገፍ አልቻለም ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው በጥር 2016 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ማስታወቂያው ብቻ ነው።

አእምሮ በልምምድ ይለወጣል? ይለወጣል፤ ማንም አልካደም፣ ጊዜ አላጠፋበትም። ቁም ነገሩ የሚለወጠው ምኑ ነው የሚለው ላይ ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ሙከራዎች ሁሉ የምወደው በ1970ዎቹ መጨረሻ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው።

አንደርስ ኤሪክሰንና ዊሊያም ቼዝ ትውስታው እንደማንኛውም ሰው የሆነ አንድ ተማሪ መረጡ። በጥናቱ ኤስ.ኤፍ. ይባላል። ቁጥሮች በሴኮንድ አንድ እየሆኑ ይነበቡለታል፤ እሱም በቅደም ተከተል ይመልሳል። በትክክል ከመለሰ የሚቀጥለው ዝርዝር በአንድ ቁጥር ይረዝማል፣ ከሳተ በአንድ ያጥራል። ሲጀምር እንደ ብዙዎቻችን ሰባት ያህል ቁጥር ይይዝ ነበር። በ20 ወራት ውስጥ 230 ሰዓት ያህል ከተለማመደ በኋላ 79 ቁጥር ደረሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ ሰባ ዘጠኝ!

እንዴት? ኤስ.ኤፍ. ሯጭ ነበር። 3492 ሲባል በአራት ቁጥር ፈንታ የሚሰማው «3 ደቂቃ ከ49.2 ሴኮንድ፣ ለማይል ክብረ ወሰን የቀረበ ሰዓት» የሚል አንድ ነገር ነበር። ለሩጫ ሰዓት የማይመቹትን ዕድሜ ያደርጋቸዋል፤ 893 ለእሱ 89.3 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። የአገራችን አንባቢ ይህን በራሱ ሊሞክረው ይችላል። 26175312373520359 የሚለውን አንድ ጊዜ አንብባችሁ መልሱት ብላችሁ አይሆንላችሁም፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። አትሌቲክስ የሚከታተል ሰው ግን 26፡17.53 ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ የሮጠው 10,000 ሜትር፣ 12፡37.35 እሱው በ2004 ሄንጌሎ ላይ የሮጠው 5,000 ሜትር፣ 2፡03፡59 ደግሞ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ የ2008 የበርሊን ማራቶን መሆኑን ያያል። አሥራ ሰባቱ ቁጥር ሦስት ሆነ። ሦስት ነገር ማን ያቅተዋል?

ኤስ.ኤፍ. በዚህ አልቆመም። ሦስት ሦስትና አራት አራት አድርጎ ያሰራቸውን ቁጥሮች ደግሞ ወደ ትልልቅ ቡድኖች ሰበሰባቸው፤ የመጀመሪያው ቡድን አራት አራት፣ ቀጣዩ ሦስት ሦስት፣ ለእያንዳንዱም የታወቀ ቦታ። ተመራማሪዎቹ ግን ተንኮለኞች ነበሩ። ሆን ብለው በሩጫ ሰዓት ሊተረጎሙ የማይችሉ ቁጥሮች ደርድረው ሰጡት። ውጤቱ ወደ መነሻው ሊመለስ ምንም ያህል አልቀረው። ቀጥለው በቁጥር ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደላት አነበቡለት። ስንት ያዘ? ስድስት ያህል። ያ ሁሉ ሰዓት ያሠለጠነው ትውስታ ፊደል ሲመጣ እንደ ማንኛችንም ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን ወደ አማኑኤል ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለች አህያ አስቡት። የምትሸከመው የስልቻ ብዛት አልተለወጠም። የተለወጠው በአንድ ስልቻ ውስጥ የሚታጨቀው ነው፤ ስልቻው ደግሞ የተሰፋው በቁጥር ልክ ነው፣ ለፊደል አይሆንም። እንቆቅልሽም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሱዶኩ የሚጫወት ልጅ የሱዶኩ ስልቻ ይሰፋል። ቃላት በሳጥን የሚሞላ ልጅ ያንኑ። አህያዋ ጠነከረች ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው፣ የጫናትን ፍቱና አሳዩን በሉት።

የቼዝ ጨዋታም ያው ነው። ያው ዊሊያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን በ1973 እንዳሳዩት፣ የቼዝ ሊቅ ከእውነተኛ ግጥሚያ የተወሰደን አሰላለፍ ለ5 ሴኮንድ ብቻ አይቶ ከጀማሪ በብዙ እጥፍ አስታውሶ ይደረድረዋል፤ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው ይጠፋል። በ2010 ደግሞ አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ከቢቢሲ ጋር 11,430 ሰዎችን በኢንተርኔት የአእምሮ ጌም ለስድስት ሳምንት አሠለጠኑ። በተለማመዱት ጌም ሁሉ ተሻሻሉ። ላልተለማመዱት፣ ለቅርብ ዘመዱ እንኳ፣ የተረፈ ነገር አልታየም።

እዚህ ላይ ሙግት አለ፤ በራሴ ሰፈር ያለ ሙግት ስለሆነም ልሸፍነው አልችልም። አንደኛ፣ የቼዝ ሊቃውንት ብልጫ በተበተነ ጠጠር ላይ ፈጽሞ አይጠፋም፣ ትንሽ ይቀራል የሚል ማስረጃ በ1996 ሳይመን ራሱ የተሳተፈበት ጥናት አምጥቷል። ሁለተኛ፣ የኦወንን ሙከራ የተቹ ሰዎች የልምምዱ መጠን አነስተኛ ነበር ይላሉ፤ ትችቱ ውኃ ያነሳል። ሦስተኛ፣ በ2008 የሥራ ትውስታን፣ ማለትም እያሰቡ ሳለ ነገሮችን በአእምሮ ይዞ የመቆየት ችሎታን፣ ማሠልጠን አዲስ ችግር የመፍታት ችሎታን ከፍ ያደርጋል የሚል ጥናት ወጥቶ ብዙ አስጨበጨበ፤ በ2013 የተደረገ ጥብቅ ሙከራ ያንን ውጤት አላገኘም። አራተኛ፣ ከ2,800 በላይ አረጋውያን የተሳተፉበት አክቲቭ የተባለው የአሜሪካ ጥናት የማየት ፍጥነትን የሚያሠለጥን ልምምድ ከዓመታት በኋላ ከመርሳት በሽታ መቀነስ ጋር ተያይዞ ታየ የሚል ትንተና በ2017 አስከትሏል፤ ትንተናው ዛሬም ያከራክራል። አክቲቭ ራሱ ግን የመጀመሪያ ግኝቱ ሌላ ነው፦ የማመዛዘን ሥልጠና ማመዛዘንን፣ የፍጥነት ሥልጠና ፍጥነትን፣ የትውስታ ሥልጠና ትውስታን ብቻ አሻሻለ። በ2014 ወደ 70 የሚጠጉ ሳይንቲስቶች የአእምሮ ጌም ንግድን የሚነቅፍ መግለጫ ፈረሙ፤ ወዲያው ከ100 የሚበልጡ ሌሎች የሚቃወም መልስ ፈረሙ። እኔ የምቆመው ከጠርጣሪዎቹ ጋር ነው። ሆኖም በፊርማ ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

በጎጃም ይህን የሚያነብ ሰው «ቅኔስ?» ማለቱ አይቀርም። ቅኔ አእምሮን ይስላል ሲባል ነው ያደግነው። የዲማ ጊዮርጊስን ተማሪ እንውሰድ። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይነሳል፣ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይወጣል፣ ቆይቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በየዕለቱ አዲስ ይቆጥራል፣ በየኔታ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። ከዚህ የተሻለ የልምምድ ሥርዓት ብዙ አላውቅም። የሚያሠለጥነው ግን የግእዝ ሰዋስውን፣ የቤቱን ልክ፣ ሰሙን ከወርቁ ማዋደድን ነው። ከቅኔ ቤት የወጡ ሊቃውንት በሌላውም ብልሆች ሆነው ቢገኙ አይድነቀን፤ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ታግሎ መወድስ የደረሰው ሰው ድሮም ጽኑ ነበር። አቋርጦ የቀረውን አልቆጠርነውም። ድረ ገጾች «አባሎቻችን ጎበዞች ናቸው» ሲሉም ስሕተቱ ይኸው ነው፤ ዓመት ሙሉ ከፍሎ የሚቆይ ቤተሰብ ለልጁ ትምህርት አስቀድሞም የሚጨነቅ ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ እንቆቅልሽ የሚያሳድገው የጠየቀውን ከሆነ፣ ልጁ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር የሚጠይቅ እንቆቅልሽ ትልቅ መሣሪያ ነው ማለት ነው። መጠየቅ በራሱ ያስተምራል። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ፤ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ አስታውሰው በለጡ፤ ሌሎቹ 75 ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረዱ፣ የተጠየቁት 56 ላይ ቆዩ። ተሳስቶ መሞከር እንኳ ይጠቅማል፣ ትክክለኛው መልስ ወዲያው ከተከተለ። በእንቆቅልሽ ጨዋታችን «አገር ስጠኝ» የሚባለው ለዚህ የተመቸ ሕግ ነው፤ መልሱን ለመስማት አስቀድመህ መሞከርና መሸነፍህን ማመን አለብህ።

አባልነት ሳይንሳዊ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በስሙ ሲመዘገብ ድረ ገጹ ምን እንደሳተ ያስታውሳል፤ ሊረሳው ሲቃረብ መልሶ ይጠይቀዋል። ሜዳሊያውና የደረጃ ሰንጠረዡ ጌጥ ነው። ጥሩ ምሳሌ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሕፃናት የሠሩት ሬከንታይን የተባለ የሒሳብ ድረ ገጽ ነው። ልጁ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ጥያቄም ነጥብ አለው፣ ልክ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ተጫዋቾች እንደቀመረው። ልጁ ከመለሰ ከጥያቄው ነጥብ ይወስዳል፤ ከሳተ ጥያቄው ከእሱ ይወስዳል። በኤሎ ቀመር ነጥባቸው እኩል ከሆነ የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፣ ልጁ በ200 ከበለጠ 76 ያህል። ስለዚህ አራት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱን የሚያገኝበትን ጥያቄ መምረጥ ይቻላል፤ አይሰለችም፣ ተስፋም አይቆርጥም። ከጥያቄው ጋር የሚታዩት ሳንቲሞች ደግሞ በየሴኮንዱ አንድ አንድ ይጠፋሉ። በትክክል የመለሰ የቀሩትን ያገኛል፣ የተሳሳተ የቀሩትን ያህል ይቀጣል። ሳያስብ ቶሎ የሚገምት ልጅ ከሁሉም በላይ ይከስራል። ለማያውቅ ልጅ የሚበጀው አላውቅም ማለት ነው።

በእኛ አገር ችግሩ ሌላም አለ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ድረ ገጽ ልጁ ሊረሳ ሲል የሚጠይቅ ድረ ገጽ ሊሆን አይችልም፤ ስልኩ ላይ ወርዶ መሥራት አለበት። ያ ከሌለ ሴባስቲያን ላይትነር በ1972 ያስተዋወቀው የካርድ ሳጥን አለ፦ የተመለሰ ካርድ ዘግይቶ ወደሚታየው ክፍል ያልፋል፣ የተሳተ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዋጋው የወረቀትና የካርቶን ነው።

ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩለት መልስ ይህ ነበር፦ አትክፈልም፣ ክፈልም አልልህም። መጀመሪያ የነጻ ሙከራውን ውሰድ። ጌሙ ልጆቹ በክፍላቸው የሚጠየቁትን ክፍልፋይ፣ ቃል ወይም ካርታ ይጠይቅ እንደሆነ ተመልከት። ለሁለት ሳምንት ይጫወቱ፣ ከዚያ ለሳምንት ስልኩን ደብቅ። በሳምንቱ ከጌሙ ውስጥ አሥር ጥያቄ በወረቀት ጽፈህ ስጣቸው፤ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ሳንቲም። በወረቀቱ ላይ የሚገኘው የምትገዛው ነው።