ለከፈ፣ ተለከፈ፣ ተላከፈ፦ የስፖርት ቤት ለከፋ እንደ ቃላዊ ክወና

መግቢያ

የሥነ ቃል ጥናታችን የፍቅርና የብልግና ጨዋታን ሲያነሣ ዓይኑን የሚጥለው በሠርግ ቤት፣ በጥምቀት ሜዳና በአዝማሪ ቤት ላይ ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም የከተማው ሰው የሚላከፍባቸው ሌሎች መድረኮች መኖራቸውን መዘንጋት አይገባም። ከእነዚህም አንዱ ሰው ሁሉ «ጂም» የሚለው ስፖርት ቤት ነው። በአዲስ አበባ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ወንዱም ሴቱም በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሙዚቃ፣ በአንድ አሠልጣኝ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳል። ለጤናዬ ስል በምመላለስበት ስፖርት ቤት የሰማሁትን መነሻ አድርጌ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እሞክራለሁ። አንደኛው ይህ ለከፋ በምን ዓይነት የቋንቋ ስልት እንደሚሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ የሚያበቃው የት ላይ እንደሆነ ነው።

1. የግሱ ምስክርነት

«ለከፋ» እና «ልክፍት» ሥራቸው አንድ ነው። «ጋኔን ለከፈው» ሲባል ሰውየው ሳይጠየቅና ሳይፈልግ አንድ ነገር እንደደረሰበት እንረዳለን። ከዚሁ ሥር ሦስት ግሶች ይወጣሉ። «ለከፈ» አንድ ወገን ብቻ የሚፈጽመው ድርጊት ነው፤ «ተለከፈ» ድርጊቱ የደረሰበትን ወገን ያሳያል፤ «ተላከፈ» ግን ሁለቱም ወገኖች የድርጊቱ ባለቤት የሆኑበት የእርስ በርስ ግስ ነው። የአራዳው ቋንቋም የራሱ ምስክርነት አለው። «ጠበሳት» ወይም «ጠበሰችው» ሲባል ጠባሽና ተጠባሽ አለ፤ ሥጋ ደግሞ ለጠባሹ መልስ አይሰጥም። እንግዲህ ጥያቄው «ምን ተባለ?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው ግስ ተባለ?» የሚል ጭምር ነው።

2. ሰሙ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት ቦታ

ስፖርት ቤት ለኅብረ ቃል የተመቸ ነው። ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ደረት በሌላ ሸንጎ በይሉኝታ የሚጠሩ ናቸው፤ እዚህ ግን አሠልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠራቸው የሥራ ቃላት ናቸው። «ጎንበስ!»፣ «ቀና!»፣ «ጨምሪ!»፣ «አትቁም!» የሚሉት ትእዛዞችም እንዲሁ። ስለዚህ ተናጋሪው ሰም ፍለጋ አይደክምም፤ የሚጨምረው ወርቁን ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አሠልጣኙ አንድን ጎልማሳ «ጋሼ፣ ስንት ዙር ቀረዎት?» ሲላቸው፣ «እኔ በአንድ ዙር የምቆም ሰው አይደለሁም» ብለው ወደ ሴቶቹ ዘወር አሉ። የ«ዙር» ሰሙ የእንቅስቃሴው ድግግሞሽ ነው፤ ወርቁን ለአንባቢ እተወዋለሁ። በዚህ ጊዜ አጠገባቸው ብስክሌት የሚነዱ ሴት ፔዳላቸውን ሳያቆሙ «እስካሁን ግን ሁለተኛውን ያየ የለም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት ራሳቸው ጎልማሳው ናቸው።

ሌላ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት ወጣት በመሮጫው ማሽን ላይ ሳለች «አሠልጣኝ፣ የልቤ ምት ጨመረ!» አለች። «ሩጫው ነው ወይስ ጎረቤትሽ?» ሲላት፣ «ጎረቤቴማ ገና በማሟሟቅ ላይ ነው» ብላ መለሰች። ጎረቤቷም «ቀስ ብሎ የሞቀ ቶሎ አይበርድም» በማለት የራሱን ድርሻ ተወጣ።

በሁለቱም ምሳሌዎች አንድም ጸያፍ ቃል አልወጣም። ሰሙ እንደተጠበቀ ነው፤ ጎልማሳው በእርግጥም ሁለተኛውን ዙር አልጀመሩም፣ ጎረቤትየውም በእርግጥ እያሟሟቀ ነበር። መላሾቹ የተሰጣቸውን ቃል ሳይለውጡ ወርቁን ወደ ላኪው መልሰዋል። አዝማሪውን «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ እንደሚሰጥ ታዳሚ፣ እዚህም ክወናው የሚሟላው ተቀባይ ሲኖር ነው።

ራድክሊፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ቀልድ ዝምድና ባቀረበው ጽሑፍ፣ በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ልማድ የተወሰኑ ዘመዳሞች እንዲቀላለዱ እንደሚፈቅድና ተቀባዩም እንዳይቀየም እንደሚጠብቅበት አስረድቷል። በስፖርት ቤት ግን ይህን ፈቃድ አስቀድሞ የሰጠ ልማድ የለም። ፈቃዱ የሚገኘው ከመላሹ አፍ ነው፤ እሱም በየዕለቱ እንደገና መገኘት አለበት።

3. በሩ የማን ነው?

ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የትሕትና ጥናት እንዳሳዩት፣ ተዘዋዋሪ ንግግር ለተናጋሪው መውጫ ይተውለታል፤ «እንዲያ ለማለት አይደለም» ማለት ይችላል። በእኔ አመለካከት ግን ኅብረ ቃል በሩን የሚከፍተው ለተናጋሪው ብቻ አይደለም። ሰሚውም ሰሙን ብቻ ለይቶ መመለስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማንም ሳያፍር ነገሩ ይዘጋል። የጥምቀቱ ሎሚ ውርወራም ይህን ይመስላል፤ ሎሚውን ማንሣት ፈቃድ ነው፣ ሳያነሡ ማለፍም መልስ ነው።

ታዲያ ይህ መልስ ሳይከበር ሲቀር ምን ይሆናል? አንድ ወጣት ብረት ወደምታነሣ ልጅ ቀርቦ «ላግዝሽ፤ ብቻሽን አይሆንም» አላት። «ይሆናል፤ ቀላል ነው» አለችው። ለሰሙ በሰሙ መልሳለች፤ ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። በማግስቱ ግን «አቋቋምሽን ላስተካክልልሽ» ብሎ እጁን ሰነዘረ። «በቃል ንገረኝ፤ ይገባኛል» አለችው። በሦስተኛው ቀን ሰሙን ጨርሶ ጥሎ ስለ ሰውነቷ በግልጽ ተናገረ። ፊቷ ሲለዋወጥ «ምነው፣ ቀልድ እኮ ነው!» አለ፤ በአካባቢው የነበሩትም ሳቁ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ልጅቱን በማለዳው ክፍለ ጊዜ አላየኋትም።

«ቀልድ እኮ ነው» የሚለው አባባል ሊመረመር ይገባል። ቀልድ መሆኑ የሚነገረው ሰሙ ከተጣለ በኋላ ነው። ተናጋሪው የልጅቱን በር ዘግቶ የራሱን ከፍቶ አስቀርቷል ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ ሲደነግግ ድርጊቱ በንግግርና በምልክት ጭምር ሊፈጸም እንደሚችል ያመለክታል። አዋጁ የሚመለከተው የሥራ ግንኙነትን በመሆኑ በዚያ ቤት ለተቀጠረች አሠልጣኝ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ይጠቅማል፤ ከፍላ ለምትሠለጥን ልጅ ግን በቅርብ ያለው ዳኛ የሚስቀው ወይም የማይስቀው ታዳሚ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው የስፖርት ቤቱ ለከፋ ከነባሩ የኅብር ጥበብ የተቀዳ ነው። ብልግና ያለበት መሆኑ ብቻውን ጥበብነቱን አያሳጣውም፤ የጸያፍ ቃል አለመኖርም ንጹሕ አያደርገውም። መለኪያው የተቀባዩ ቦታ ነው።

ይህ ለመስክ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ተማሪዎቻችን የለከፋ ንግግር ሲሰበስቡ የሚመዘግቡት አብዛኛውን ጊዜ የተናጋሪውን የተባ ቃል ነው። ምላሹ፣ ዝምታው፣ ፊት ማዞሩ፣ ቦታ መለወጡም ሊመዘገብ ይገባል። ያለዚያ «ለከፈ» ተብሎ ሊጻፍ የሚገባውን ሁሉ «ተላከፉ» ብለን እንጽፋለን፤ ስሕተቱም የሰዋስው ብቻ ሆኖ አይቀርም።