ጥቁር ልብስ በሐራጁኩ

በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ ገበያ ከሻሿ እስከ ቀሚሷ ጥቁር የለበሰች እናት ስታልፍ፣ የማያውቃት ሰው እንኳ ማን እንደ ሞተባት ለመጠየቅ ይዳዳዋል፤ በአጠገቧ ጥቁር አባያ የለበሰች ሙስሊም እኅት ብታልፍ ግን ኀዘን ነክቷታል ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ልብሷ የሃይማኖቷና የጨዋነቷ ምልክት ነውና። አንድ ቀለም በአንድ ገበያ ሁለት ነገር ሲናገር ማየት ለለመደ አንባቢ፣ የጃፓን ወጣቶች ይህንኑ ጥቁር ለሦስተኛ ነገር፣ ይኸውም ለውበትና ለልዕልና መምረጣቸው ቢያስደንቀው እንኳ ሊያስደነግጠው አይገባም።

«ጎቲክ» የሚባለው ይህ የአለባበስና የዜማ ፈለግ ሥሩ በእንግሊዝ አገር ነው፤ በዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ጥቁር ለባሽ የሮክ ሙዚቀኞች ሞትንና ጨለማን የሚያወሱ ዘፈኖች ይዘው ተነሡ። ጃፓኖች ግን የተቀበሉትን እንደ ተቀበሉት አልተዉትም። በቶክዮ ከተማ፣ በሐራጁኩ ሰፈር፣ ከሜጂ ቤተ መቅደስ አጠገብ ባለው ድልድይ ላይ እሑድ እሑድ ይሰበሰቡ የነበሩት ወጣት ሴቶች፣ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን የሚያስታውስ፣ በጁፖን ተነፍቶ ደወል የመሰለ ጥቁር ቀሚስ፣ ዳንቴል የዞረበት አንገትጌ፣ ረጅም ካልሲና ወፍራም ጫማ ያደርጉ ነበር፤ ልብሱ ገላን ገልጦ ዓይን ለመሳብ ሳይሆን ተሸፍኖ ለመከበር የተሰፋ ነው።

የዚህ አለባበስ ፊታውራሪ ማና የተባለው ጊታር ተጫዋች ነው። በ1992 ኮዚ ከተባለ ሌላ ሙዚቀኛ ጋር «ማሊስ ሚዜር» የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ በ1999 ደግሞ «ሙዋ ሜም ሙዋቲዬ» የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመ። ወንድ ሳለ በመድረክ ላይ የሴት ቀሚስ መልበሱ ለጃፓኖች ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከካቡኪ ቲያትር ካገደ ወዲህ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ሲጫወቱ ኖረዋልና። በአደባባይም አይናገርም፤ ሲጠየቅ በባልደረባው ጆሮ ሹክ ይላል፣ ባልደረባውም ስለ እርሱ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ የባንዱ ታሪክ በጌጥ ብቻ አላበቃም። በ1999 መጀመሪያ ድምፃዊው ጋክት ተለያቸው፤ በዚያው ዓመት ከበሮ መቺው ካሚ በአንጎል ደም መፍሰስ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ያወጡት «የጽጌረዳ ካቴድራል» የተሰኘው አልበም በኦርጋንና በመዘምራን ድምፅ የተሞላ፣ ከቀደሙት ሥራዎቻቸው ሁሉ የጠቆረ ሆነ። እኔ ይህን ዜማ ከኀዘናቸው ለይቼ መስማት አይቻለኝም። ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ያህል በሆነበት አገር መስቀልና የቤተ ክርስቲያን ቅርፅ ለመድረክ ጌጥ መዋላቸው፣ በማኅሌት ላደገ ሰው ቅር ማሰኘቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ሟችን በዜማና በጥቁር ልብስ ማክበር ምን እንደ ሆነ እኛ ስለምናውቅ፣ ፌዝ ነው ብለን ልንፈርድባቸው አይገባም።

ባንዱ በ2001 መጨረሻ ሥራውን ሲያቆም፣ አለባበሱ ግን በዚያው ዓመት መታተም በጀመረው «ጎቲክና ሎሊታ ባይብል» በተባለው መጽሔት ይበልጥ ተስፋፋ። መጽሔቱ ፎቶግራፍ ብቻ አልነበረም፤ ለመቁረጫ የሚሆን የወረቀት ንድፍ ከውስጡ ስለሚገኝ፣ ውዱን ቀሚስ መግዛት ያልቻለች ልጅ ንድፉን በጨርቅ ላይ ዘርግታ፣ ሽንሽኑን ሰብስባ፣ ገበሩን ገጥማ፣ ዳንቴሉን በጠርዙ አዙራ በራሷ እጅ ትሰፋ ነበር። የወልቂጤ ልብስ ሰፊዎች ይህን ንድፍ ቢያዩ፣ ስለ ጥቁርነቱ ከመጠየቃቸው በፊት በወገቡ ላይ የሚሰበሰበውን ጨርቅ ብዛት መለካት እንደሚጀምሩ አልጠራጠርም።